ቁልፌን ያስቀማኝ ወንድሜ

— ሄሎ? ... ሄሎ! አቤት፣ ማን ልበል? ... ይሰማል? ... ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ፣ ስልክ ይዣለሁ! ... ሄሎ? አዎ፣ አሁን እሰማለሁ። ማን ልበል?

— ሄሎ? ... ማነህ? ተናገር እንጂ፣ ትንፋሽህ እኮ ይሰማኛል።

— ጩጬ? ... አንተ ነህ እንዴ?

— አትዝጋው! ... እንዳትዘጋው ነው የምልህ! ... ጉሮሮህን ስትጠርግ ካላወቅሁህ ምኑን እህት ሆንኩ! ... አልተቆጣሁም። ... አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ፤ የምጮኸው እዚህ ጫጫታ ስላለ ነው። ... የት ልሆን፣ ዴፖ ነኛ! የሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ። ሁሉም ሻይ ሻያቸውን ይዘው እንደ ሙሽራ ከብበውኛል።

— እማዬ ነገረችህ? ... ዛሬ ፈተና እንዳለኝ? አይ እማዬ! "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" ብያት ነበር እኮ። ... አዎ፣ በተለይ ላንተ።

— አለፍኩ።

— ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? አለፍኩ ነው የምልህ! የሐኪሞቹ ቦርድ ባለፈው ሳምንት ፈቀደልኝ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመንዳቱን ተፈተንኩ። ረጅሙን አውቶቡስ እኮ ነው የሰጡኝ፣ ወገቡ ላይ የሚተጣጠፈውን! ኋላ ማርሽ አስገብቼ በሁለት ምሰሶ መሀል ሰካሁት። ፈታኙ አላመነም መሰለኝ፣ ወርዶ በእጁ ለካው። በግራ አንድ ስንዝር፣ በቀኝ አንድ ስንዝር። ... እውነቴን ነው! "እጅዎ አልረሳም" አለኝ። "ኧረ በየጠዋቱ ይረሳል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እኔ ነኝ የማስታውሰው" አልኩት። ሲስቅ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ።

— ታለቅሳለህ? ... ጉንፋን ነው? በዚህ በጋ? ... እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

— ወንድሜ ነው። ... አዎ፣ እሱ ራሱ። ... አይ፣ ለባለሻይዋ ነው የምመልሰው። ማነው የደወለው ትላለች። ... አዎ፣ ሁሉም ያውቁሃል። ቁልፏን ያስቀማት ወንድሟ ነው የሚሉህ።

— ይቅርታ? ምን አድርገህ? ... ቆይ። ... ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ትልቅ ማን ነው? ስንት ጊዜ ሆነን ሳናወራ? ... ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ቆጥረሃል ማለት ነው። እኔም ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ አሁን እኔ ልናገር፣ አንተ አዳምጥ። ግማሹን አታውቀውም።

— ጣቶቼና ጉልበቴ ማበጥ የጀመሩ ጊዜ ታስታውሳለህ። ... አዎ፣ እንደ እንፋሎት ዳቦ ያበጡ ጊዜ። ሉፐስ ነው ተባልኩ። ስሙ የሽቶ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። ነርሷ እንዴት አድርጋ እንዳስረዳችኝ ልንገርህ? "የሰውነትሽ ዘበኛ ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል" አለችኝ። ... አዎ፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ እብጠቱ ቀነሰ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። እስከዚህ ታውቃለህ።

— ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣ። በየፌርማታው እንባዬ ይመጣል። ያለ ምክንያት! ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ እጠርጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁበት መስመር ላይ አንድ ቀን የትኛው ጋ እንደምታጠፍ ጠፋኝ። ተሳፋሪ ነው "እናቴ፣ በግራ ነው" ያለኝ። ቀጥሎ ሽማግሌው መጣ።

— ላንተ ስለ ሽማግሌው ብቻ ነው የነገርኩህ። እማዬ ጓሮ ልብስ እያሰጣን። ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ በስፖኪዮው መስታወት ሳይ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል አልኩህ። "ለማንም እንዳትናገር" ብዬ አስማልኩህ፣ ማልክልኝ። ... አዎ፣ ምለሃል። ... ያልነገርኩህ ሌላው ነው። ጠዋት ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ "አሁንም ነቃሁ?" ነበር የምለው። ገባህ? ... አዎ። እንደዚያ። ... አይ፣ አሁን የለም። እውነቴን ነው። አሁን የለም፣ ለዚያ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የማወራው።

— ለሐኪሜ? ምን ብዬ! እሱ "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" ይለኛል፤ "ደህና ነው" እላለሁ። "ጣቶችሽስ?" ይላል፤ "ተመስገን" እላለሁ። የጠየቀኝ ስለ መገጣጠሚያ ነው፣ የመለስኩለትም ስለ መገጣጠሚያ። ሽማግሌው መገጣጠሚያ የለው! ... ሳቅ፣ ሳቅ፣ እኔም አሁን እየሳቅሁበት ነው። ያኔ ግን፣ ብናገር "ጨርቋን ጥላለች" ተብዬ ማን መሪ ያስይዘኛል? ስለዚህ ዋጥኩት። እማዬ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለች ነው ያሳደገችን፤ ይኸው ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት።

— ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እዚሁ ክፍል፣ ይኸው አሁን የቆምኩበት ቦታ፣ የስምሪት ኃላፊው እጁን ዘርግቶ "ቁልፉን" አለኝ። አሥራ ሰባት ሹፌር እያየ። ማን ነገረዎት ብዬ ስጠይቀው ስንት ጊዜ ተግደርድሮ፣ በመጨረሻ "ወንድምሽ" አለኝ።

— ... የዚያን ቀን ያልኩህን ታስታውሳለህ። ... አትድገመው። በሞቴ አትድገመው። ... አዎ፣ ብያለሁ። "ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ሞቷል" ብያለሁ። አፌ ይቆረጥ። ... አልሰማሁም አትበለኝ፣ ፊትህ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ዐይኔ ላይ አለ። በሳምንቱ ሥራ አገኘሁ ብለህ ከተማውን ለቀህ ሄድክ።

— እኔ ደግሞ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ሦስት ወር። አይ ባለቤቴ! የአናጢነት ሥራውን ጠቅልሎ ሳሎን አስገባው። ብቻዬን ላለመተው። በር የሚያህል ሳንቃ በሶፋው ላይ አጋድሞ ቀኑን ሙሉ ይልጋል። ሾርባችን ሁሉ ሰጋቱራ ነበር። ልጄ "እማዬ፣ ይሄ ቅመም ነው?" ትለኝ ነበር። ... አልሳቅሁም፣ ያኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም። ሽማግሌውም አውቶቡሱን ትቶ ቤቴ ድረስ መጥቷል። በሳንቃው ጫፍ ይቀመጣል።

— አንድ ቀን ለመገጣጠሚያው ቀጠሮ ነበረኝ። ባለቤቴ ደግፎ ወሰደኝ። ነርሷ፣ ያቺ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው አጭሯ፣ ደም ልትቀዳኝ ክንዴን አሰረች። መርፌውን ይዛ፣ እንዲሁ እንደ ዋዛ፣ "እንቅልፍሽስ? ውስጥሽስ ደህና ነው?" አለችኝ። ... ውስጥሽ! አስበው፣ ያን ያህል ጊዜ ተመላልሼ ማንም ውስጤን ጠይቆኝ አያውቅም። እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌውን፣ የጠዋቱን፣ መንገዱ የጠፋኝን፣ አንተን ሳይቀር።

— አልሳቀችም! አልደነገጠችም! መርፌውን አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "ሽማግሌው ምን ለብሷል?" አለችኝ። "ግራጫ ካፖርት" አልኳት። "እሺ፣ አሁኑኑ ለሐኪሙ እንነግረዋለን፤ ያው በሽታሽ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይሆን" አለችኝ። በግራጫ ካፖርቱ ልቤ አረፈ ብልህ ታምናለህ? ሰው ሲያምንህ እንዴት ያለ ነገር ነው!

— ሐኪሙ መጣ። "እዚህ ስንት ጊዜ መጥተሻል?" አለኝ። "አሥራ አራት ጊዜ።" "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" "አልጠየቁኝማ!" ... አዎ፣ ፊት ለፊት! ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እውነትሽን ነው" አለኝ። ወዲያው የአእምሮ ሐኪሟን ደውሎ ጠራት። አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ደረጃ ነው እኮ የሚወጡት የሚወርዱት! ስለ በሽተኞቻቸው ግን ቁጭ ብለው አውርተው አያውቁም ነበር።

— ጭንቅላቴን በማሽን ፎቶ አነሱት፣ ከጀርባዬ ፈሳሽ ቀዱ፣ ብቻ ያላዩት የለም። ሉፐሱ አንጎሌን ነክቶት ነበር። ዘበኛው ፎቅ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው። ... አይደለም፣ ጩጬ፣ እብድ አልነበርኩም። ብሆንስ? ብሆንስ ሰው አይደለሁም? እሱም እኮ የሚታከም ነው። መድኃኒቱን በደም ሥሬ ሰጡኝ፣ በስምንተኛው ሳምንት ሽማግሌው ሄደ። ... ኧረ ሳይሰናበት! ባለጌ!

— ሐዘኑ ግን እልኸኛ ነው። እሱ የራሱን መድኃኒት፣ የራሱን ጊዜ ፈለገ። በየማክሰኞው ከአእምሮ ሐኪሟ ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን። ... አሁንም እሄዳለሁ፣ ለምን አልሄድም? ለሞተሩ ዘይት እየቀየርኩ ለራሴ ልሰስት?

— እና ይሄን ስማ፣ ይሄ ነው ደስ የሚለው። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ አንዲት አስተማሪ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ጠመኔ መያዝ ካቃታቸው ቆይቷል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የኔን ነገርኳት። "እኔ ብቻዬን መስሎኝ!" ብላ እጄን ያዘችኝ። ጎናችን አንድ ግዙፍ ወታደር አለ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ "እኔም" አለ። ከወዲያ ጥግ አንዷ "እኔም" አለች። አንተዬ፣ ያ የመጠበቂያ ክፍል ሙሉ ሰው ጉልበቱን እያሳየ ልቡን ደብቆ ነው የተቀመጠው! ለነርሷ ሄጄ ነገርኳት። አሁን እዚያ የገባ ሁሉ፣ ከደም ግፊቱ ቀጥሎ እንቅልፉን ይጠየቃል፣ ሐሳቡን ይጠየቃል። ሐኪሙ ራሱ ነው የሚጠይቀው። አፉ እስኪለምድ ተንተባተበ፣ ግን ይጠይቃል!

— ... ምን? ቦርዱን? እሱንማ መጀመሪያ ጊዜ ከለከሉኝ። "ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ" ብላቸው "ይበቃል አንልም" አሉኝ። ... ተናደድኩ፣ ግን ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ቀረብኩ። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ አንዲት ኮስታራ ሴትዮ። "ድጋሚ ቢመጣብሽስ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ "ሊመጣ ይችላል" አልኳት። ... አዎ፣ ልዋሽ? "ሊመጣ ይችላል፤ ግን አሁን አልደብቀውም። ምልክቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉኝ። ከእነሱ አንዱ 'ቁልፉን' ካለኝ ለምን ሳልል አስረክባለሁ" አልኳት። ስማቸውን ጻፊልን አሉኝ፣ ጻፍኩላቸው። ባለቤቴ አለበት፣ ነርሷ አለችበት...

— አንደኛ ላይ ማን እንዳለ ልንገርህ?

— ... አዎ። አንተ።

— ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ... አዎ፣ ሳንታረቅ! ኩርፊያ ሌላ፣ እውነት ሌላ። ብዕሩን ይዤ "በዚህ ዓለም እኔን ደፍሮ የሚያስቆመኝ ማን ነው?" ስል፣ ወደ ሐሳቤ የመጣው ያንተ ስም ነው። ኮስታራዋ ሴትዮ "ይሄኛው ምንሽ ነው?" አለችኝ። "ወንድሜ ነው፤ አንዴ አስቁሞኛል" አልኳት። ፈገግ አለች! ለመጀመሪያ ጊዜ!

— ቆይ፣ አላለቀም። ዋናውን ዛሬ ነው የሰማሁት። ከፈተናው እንደወረድኩ የስምሪት ኃላፊው ወደ ጎን ወሰደኝ። "አሁን ስላለፍሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ወንድምሽ አደራ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አለኝ። ... አዎ። ነገረኝ። ... አይ፣ አትቆጣው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱ አልችል አለው።

— ያኔ፣ ቁልፉን ሳታስቀማኝ በፊት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡሴ ላይ ነበርክ? ኮፍያ ደፍተህ? ኋላ ተቀምጠህ? ... እኔን ለማየት! ... በል ስማ፣ ግራጫ ካፖርት ለብሰህ ነበር እንዴ? ... ኧረ ስቀልድ ነው! ሽማግሌው ካንተ በፊት ነው የመጣው። ... አዎ፣ ስቅ፣ እንዲህ ስትስቅ ደስ ይለኛል።

— ግን... ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን መብራት... ቀይ ሆኖ ነው ያለፍኩት? ... ልጆቹ... ... አዎ። አንዲት መምህርት በእጆቿ ወደ ኋላ ገፍታ አተረፈቻቸው አለኝ። ... እኔ እኮ አላስታውሰውም። አንድም ነገር አላስታውስም። ... አንተ ግን አይተሃል። ፊትህ ያኔ እንደዚያ የሆነው ለካ ለዚህ ነው።

— ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እንደዚያ ስረግምህ፣ እማዬ ፊት ሳዋርድህ፣ ለምን "ልጆች ልትገጪ ነበር" ብለህ አፌን አልዘጋኸውም?

— ... ምን? ... ድገመው፣ አልሰማሁህም። ... ባለ ጥሩንባው፣ በናትህ ክላክሱን ተወው፣ አንድ ጊዜ! ... እሺ፣ በል።

— ...

— "በሕመምሽ ላይ ይህንንም ባሸክምሽ በሕይወት ትኖሪያለሽ ብዬ አላመንኩም" ነው ያልከኝ?

— ... ስለዚህ ብትጠላኝ ይሻላል አልክ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ... አይ ወንድሜ። አይ የእናቴ ልጅ። ... አይ፣ አላለቅስም። አለቅሳለሁ። ግን የበፊቱ ዓይነት ልቅሶ አይደለም፣ እመነኝ፣ ልዩነቱን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ... አንቺ ባለሻይ፣ ያን ጨርቅ አቀብዪኝ እስቲ። ... ኧረ የጠረጴዛው ቢሆንም ግድ የለም!

— ስማኝ። ያቺ መምህርት ጋ እሄዳለሁ። ማን እንደሆነች እጠይቅና በሯ ድረስ ሄጄ አመሰግናታለሁ። አብረን እንሄዳለን። ... እሺ በለኝ። ... እሺ። አሁን ደግሞ አንተን ላመስግንህ። ... ዝም ብለህ ተመስገን እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል! ነፍሴን ጠብቀሃል፣ የሰው ልጅም አትርፈሃል። ሌባ የተባልክ ዘበኛ ነህ።

— ... አቤት ጋሼ? ... አንድ ጊዜ ጩጬ፣ አትዝጋው፣ የስምሪት ኃላፊው ናቸው። ... ዛሬ? ... ከሰኞ ጀምሮ ነው አላሉኝም? ... ጥርሱን? ውይ፣ ምስኪን። ... የአሥር ሰዓቱን? ረጅሙን? ... እኔ?

— ሰማህ? የአሥር ሰዓቱ ሹፌር ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት ሄዷል። ፌርማታው ላይ ሰው ተሰልፏል። "ትወጫለሽ?" ይሉኛል ጋሼ። ... ደነገጥኩ እንጂ! አንተ ምን ትላለህ? እውነቱን ንገረኝ፣ እንዳታባብለኝ። ... ማታ? አንድ ጊዜም ሳልነቃ ነው ያነጋሁት። ... እጄ ለስላሳ ነው፣ ጉልበቴም ይታጠፋል። ... ሐሳቤ? ሐሳቤማ ጥርት ብሏል። ... አዎ። ... አዎ፣ እፈልጋለሁ! ከምነግርህ በላይ እፈልጋለሁ!

— ... "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" ... አንተ! እልል ልበል እንዴ? ... እልልልል! ... ይኸው፣ ሁሉም ተቀበሉኝ፣ ትሰማለህ?

— እወጣለሁ ጋሼ! እወጣለሁ! ... ቁልፉን እዚህ ይጣሉልኝ! ... ያዝኩት! በአንድ እጄ! ባበጠ ጣቴ! ጩጬ፣ አየር ላይ ቀለብኩት!

— በል፣ ቅዳሜ ና። ልጄ አድጋልሃለች፣ አታውቃትም። ... እኔ ራሴ መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ... እማዬንማ አሁኑኑ ደውልላት፣ አልፋለች፣ እየነዳች ነው በላት። ... አይ፣ እኔ አልችልም። ... ኋላ አትደውልልኝ፣ አላነሳም። ... ከኩርፊያ አይደለም፣ አንተ ሞኝ!

— ሹፌር ነኛ። ሹፌር እየነዳ ስልክ አያነሳም። ... እሺ። እሺ ወንድሜ። ... ቻው!